ዝገት የሚቀቡ ሰዎች

መቼም እኛ አገር አሮጌውን አዲስ ማስመሰል የታወቀ ሙያ ነው። ምናለሽ ተራ ጎራ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ የተጣመመው ይቃናል፣ የዛገው ይፈገፈጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ «እንደ አዲስ ነው፣ ውሰደው» ይባላል። ዛሬ የምናወራችሁ ግን የዚህን ግልባጭ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። አዲስ ነገር በገንዘባቸው ይገዛሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው ያስረጁታል።

ሰዎቹ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። ሥራ ያላቸው፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ብዙዎቹም ጡረታ የወጡ አዋቂዎች። ከጣት የማትበልጥ የጭነት ባቡር ፉርጎ በወረንጦ ይዘው በቀጭን ብሩሽ ዝገት ይቀቧታል፣ ጥላሸት ይነሰንሱባታል፣ ሳንቃዋን ይሰነጥቁታል። ሲጨርሱ ቆራሌው እንኳ ሊደራደርባት የማይፈልጋት ትመስላለች። እነሱ ደግሞ ያኔ ነው «አሁን ገና ሆነች!» የሚሉት።

መሳቅ ይቻላል። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሰው ለምንድን ነው ቆሻሻን እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራው? መልሱን ፍለጋ ስንሄድ የደረስነው መጫወቻ ሱቅ ሳይሆን የታሪክ ክፍል ውስጥ ነው። ክርክራችንን ከወዲሁ እንንገራችሁ፦ እነዚህ ሰዎች ማንም ለማስቀመጥ ያልተጨነቀለትን የተራ ሥራ ታሪክ እየጻፉ ነው። የሚጽፉት በቀለምና በብሩሽ ስለሆነ ታሪክ መሆኑ አይቀርም። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የብልጭልጭ ዘመን

የመጫወቻ ባቡር ታሪክ የሚጀምረው በብልጭልጭ ነው። በ1891 የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ በቁልፍ የሚጠመዘዝ ባቡር ከነሐዲዱ ይዞ ቀረበ። ዋናው አዲስ ነገር ሐዲዱ ቋሚ በሆኑ የስፋት ልኮች መሠራቱ ነበር። ዘንድሮ ባቡር የተገዛለት ልጅ ከርሞ ተጨማሪ ሐዲድ ያምረዋል፣ ለልደቱ ደግሞ አንድ ፉርጎ። ነጋዴ ሲያስብ እንዲህ ነው!

እንግሊዝ አገር ደግሞ የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ አለ። በ1901 በኋላ «ሜካኖ» ለተባለው የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ የፈጠራ መብት ያወጣው ሰው ነው። በ1920 የመጫወቻ ባቡር መሸጥ ጀመረ፤ በ1938 ኩባንያው አነስ ያለውንና ጠረጴዛ ላይ የሚበቃውን ሆርንቢ ዳብሎ አወጣ። ለብዙ እንግሊዛዊ ልጅ «ሆርንቢ» ማለት ባቡር፣ ባቡር ማለትም «ሆርንቢ» ሆነ።

እነዚያ የቆርቆሮ ፉርጎዎች እንደ ሰርግ መኪና ያበሩ ነበር። ከቤት ውጪ ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው አገር የሚሄደው እውነተኛው ፉርጎ የድንጋይ ከሰል ተጭኖበት፣ ዝናብ ወርዶበት፣ ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል። መጫወቻውና እውነተኛው መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ አይሰጣጡም። ይህ ደግሞ ጥፋት አይደለም፤ ለልጅ የሚሸጥ ነገር ማማር አለበት። ችግሩ የሚመጣው ልጁ አድጎ «እውነተኛውን ባቡር እፈልጋለሁ» ያለ ቀን ነው።

ቆሻሻውን ማን አመጣው?

ይህን ካሉት መካከል ሁለት ዮሐንሶችን እናንሳ፤ አንዱ ለንደን፣ ሌላው ካሊፎርኒያ።

የለንደኑ ጆን አኸርን ኑሮው ከኢንሹራንስ ሥራ ጋር የተያያዘ ሰው ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ማደር ቫሊ የሚል ስም የሰጣትን፣ በየትኛውም ካርታ ላይ የሌለች የገጠር የባቡር መስመር ቤቱ ውስጥ መገንባት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ሞዴል ሠሪ የሚኮራው በሎኮሞቲቩ ነበር። አኸርን ግን ቦታውን አስቀደመ፤ መንደሩን፣ የግድግዳውን መልክ፣ ድካም የሚታይባትን ጣቢያ። ባቡሩ የቦታው ነዋሪ ሆነ እንጂ የቦታው ንጉሥ አልሆነም። አኸርን በ1961 አረፈ። ማደር ቫሊ ግን ዛሬም በኦክስፎርድሺር፣ ሎንግ ዊተናም በምትባል መንደር በሚገኘው የፔንደን ሙዚየም ትታያለች።

ፔንደንም የራሱ ወግ አለው። መሥራቹ ሮይ ኢንግላንድ በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የመጣ ወጣት ነበር። የወደዳቸው የገጠር መንደሮች ዓይኑ እያየ ሲለወጡ፣ የሣር ክዳናቸው ሲነሳ አየ። «ይህ ሳይጠፋ ልሥራው» ብሎ ተነሳ፤ ሙዚየሙ በ1954 ተመሠረተ፤ የ1920ዎቹና የ30ዎቹ የገጠር ኑሮ እዚያ በትንሹ ተሠርቶ ይኖራል። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የባለአገሮቹን ትዝታ ጠበቀላቸው ማለት ነው።

የካሊፎርኒያው ጆን አለን ደግሞ ሞንተሬ ከተማ የሚኖር ፎቶ አንሺ ነበር። ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የሠራው የባቡር መስመር «ጎሪ እና ዲፊትድ» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ሲጠሩት «በደም የተነከረና ድል የተመታ» የሚል ትርጉም የሚሰጥ ቀልድ ነው። ሰውዬው ቀልደኛ ነበር፤ ፉርጎ የሚያቀያይር ሎኮሞቲቭ አስመስሎ ኤማ የተባለች ዳይኖሰር ሐዲዱ ላይ አቁሟል። በሥራው ግን አይቀልድም። ፎቶ አንሺ ስለሆነ ብርሃን አዲስ ፕላስቲክና አዲስ ቀለም ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚያሳብቅ ያውቃል። ፉርጎዎቹንና ሕንፃዎቹን ያስረጃቸው፣ ሥራውንም በሞዴል መጽሔቶች ላይ ለሌሎች ያሳያቸው ነበር። አዲሱን ነገር ማስረጀት የሞዴል ሥራ አንድ ክፍል እንዲሆን ካደረጉት ዋነኞቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

አለን በጥር 1973 በድንገት አረፈ። በቀናት ውስጥ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነሳና የዕድሜ ልክ ሥራው አብዛኛው ተቃጠለ። የቀረው ያነሳቸው ፎቶዎች ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደ ፎቶ እንመለሳለን።

ፉርጎዋ ምን ትናገራለች?

አሁን ወደ እውነተኛዋ ፉርጎ እንሂድ። የምንመርጠው የእንግሊዝን የከሰል ፉርጎ ነው፤ ሞዴል ሠሪዎቹ በብዛት የሚያስረጁት እሱን ስለሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እጅግ ብዙ የከሰል ፉርጎ የባቡር ኩባንያዎቹ ንብረት አልነበረም። የማዕድን ጉድጓድ ባለቤቶች፣ የከሰል ነጋዴዎችና የጋዝ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ፉርጎ ነበራቸው። ጎኑ ላይ ስማቸውን በትልልቅ ፊደል፣ አንዳንዴ ጥላ ጨምረው ያስጽፉበታል። እኛ አገር ነጋዴ ስሙን በአይሱዙ ጎን እንደሚያስጽፈው ማለት ነው። ፉርጎው ከእንጨት ሳንቃ የተሠራ ነው፤ የተለመደው ዓይነት በየጎኑ ሰባት ሳንቃ ነበረው።

በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር መንግሥት እነዚህን ፉርጎዎች በአንድ ቋት አደረጋቸው። የማን ናቸው የሚለው ቀርቶ የት ያስፈልጋሉ የሚለው ብቻ ቀረ። ቀለም የሚያድስላቸው ጠፋ። በ1948 የባቡር ኩባንያዎቹ በመንግሥት ሲወረሱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሆኑት የግል ፉርጎዎችም አብረው ገቡ፤ የግል እንደነበሩ የሚያመለክት አንዲት ፊደል ከቁጥራቸው ፊት ተጻፈላቸው። ብዙዎቹ ዳግም ቀለም ሳያዩ በአሮጌ ስማቸው ቅሪት ዞሩ።

እዚህ ላይ ነው ዝገት ቀቢው ታሪክ ጸሐፊ የሚሆነው። ሳንቃ ሲሰበር ይቀየራል። አዲሱ ሳንቃ ቀለም የለውም፤ የነጋዴው ስም መሐሉን ተቆርጦ ይቀራል። ከላይ ግማሽ ፊደል፣ ከታች ግማሽ ፊደል፣ በመሐል ባዶ እንጨት። አንድ ሞዴል ሠሪ ያችን ባዶ ሳንቃ ለይቶ ሲቀባ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ውርሱና ስለ ጠፋው ባለቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ ማለት ነው። የቃላት ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ ማንበብ ለሚችል ትነበባለች።

ከእንጨቱ በኋላ የብረቱ መጣ፤ 16 ቶን የሚጭነው ግራጫ ፉርጎ። በ1950ዎቹ የከሰል ባቡር ሲባል ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ጎኑ ላይ አንድ ነጭ መስመር በሰያፍ ተሰምሯል። ለውበት አይደለም፤ መስመሩ ከፍ የሚልበት ጫፍ የሚከፈት በር ያለበት ጫፍ መሆኑን ለጫኝና አውራጅ ይነግራል። ቀለሙም ቋንቋ ነው። ግራጫ ከሆነ ፉርጎው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው ያለው፤ ቀይ ቡናማ ከሆነ ከሎኮሞቲቩ ላይ ሆኖ በቫክዩም ቱቦ የሚያዝ ፍሬን አለው። ግራጫዎቹ ሲበዙ ባቡሩ በዝግታ ይሄዳል፤ ከባድ ቁልቁለት ሲገጥመው አናቱ ላይ ይቆማል፣ ሠራተኛ ወርዶ በፉርጎዎቹ ጎን ያለውን የፍሬን ዘንግ አንድ በአንድ ወደ ታች እየተጫነ ያስራል፤ ታች ሲደርሱ ደግሞ ይፈታል። በዝናብም፣ በበረዶም፣ በሌሊትም።

ስለዚህ የዘንጉ ጫፍ እጅ ስለሚነካው ያብረቀርቃል። የፉርጎው ውስጡ ከውጪው ቀድሞ ይዝጋል፤ ርጥብ ከሰል ሲገባና ሲወጣ ቀለሙን ይፍቀዋልና። የታችኛው ክፍል ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ ስለሚያርፍበት ቡናማ ይሆናል። እያንዳንዱ ቆሻሻ አድራሻ አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው

ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ መገጣጠም፣ መቀባት፣ ማስረጀት።

መገጣጠሙ የሚጀምረው ከፕላስቲክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የከሰል ፉርጎዋን ጨምሮ በርካታ የሚገጣጠሙ ፉርጎዎችን በርካሽ ሸጠ፤ የኪስ ገንዘብ ያለው ልጅ ሁሉ መሞከር ቻለ። ክፍሎቹ ከፍሬማቸው በምላጭ ይቆረጣሉ፣ ትርፉ በጥቃቅን ሞረድ ይስተካከላል፣ ይጣበቃል። በእንግሊዝ በተለመደው ልክ አንድ የእንግሊዝ ጫማ በ4 ሚሊ ሜትር ይወከላል። ያቺ ባለ 16 ቶን ፉርጎ በዚህ ልክ ቻሲዋ 66 ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ ከፊትና ከኋላ ጎማዎቿ መካከል 36 ሚሊ ሜትር አለ። አራቱም ጎማዎች ሐዲዱን እኩል መንካት አለባቸው፤ ለዚህ ሙጫው ሳይደርቅ መስታወት ላይ አቁሞ ማየት ነው፤ ከተንገዳገደች ትስተካከላለች። ፕላስቲኳ ቀላል ስለሆነች ከሐዲድ እንዳትወጣ ክብደት ይጨመርላታል፤ የተለመደው ልክ ለአንድ አክስል 25 ግራም ነው።

መቀባቱ ላይ ትዕግሥት ይፈለጋል። መጀመሪያ መነሻ ቀለም፣ ከዚያ ዋናው ቀለም በስሱ። ቁጥሮቹና ፊደሎቹ በውኃ ተነክረው የሚለጠፉ ናቸው፤ የሚያንጸባርቅ ቀለም ላይ ይበልጥ ይይዛሉ። በመጨረሻ በማያንጸባርቅ ቨርኒሽ ይሸፈናል። እዚህ የደረሰች ፉርጎ ከፋብሪካ የወጣች ዕለት የነበረችውን ትመስላለች፤ በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ የነበረችውን ማለት ነው።

ማስረጀቱ ሌላውን ዕድሜዋን ሁሉ ይይዛል። ጥቁር ቡናማ ቀለም በአኳራጅ በጣም ቀጥኖ ይቀባና ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፤ ዝናብ ወደ ጎን ስለማይፈስ። የቀረው በሳንቃዎቹ መካከልና በምስማሮቹ ዙሪያ ይተኛል። ለዝገቱ አንድ ብልሃት አለ። መጀመሪያ ፉርጎዋ የዝገት ቀለም ትቀባለች። ከደረቀ በኋላ እርጥብ አድርገው ጨው ይበትኑባታል፤ ሲደርቅ ጨው ላይ ግራጫውን ይቀባሉ። በመጨረሻ ጨውን ፈቅፍቀው ሲያነሱት ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ልብ በሉ፤ ታሪኩ በተገላቢጦሽ ነው የሚሠራው፤ እውነተኛው ዝገት ከቀለሙ በኋላ ይመጣል፣ የሞዴሉ ግን ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ከዚያ ከጠመኔ ወይም ከቀለም ዱቄት ጥላሸትና አቧራ በደረቅ ብሩሽ ይታከላል።

ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፦ ከፎቶ ሥራ እንጂ ከሌላ ሰው ሞዴል አትገልብጥ። ከሞዴል የተገለበጠ ሞዴል እንደ አሉባልታ ነው፤ በተላለፈ ቁጥር ይጋነናል። ፎቶውም ዓመቱ የታወቀ ቢሆን ይመረጣል፤ የ1950 ዝገትና የ1965 ዝገት አንድ አይደለም። ሁለተኛው፦ በአንድ ባቡር ውስጥ ሁለት ፉርጎ አንድ ዓይነት አይሁን። አንዱ ትናንት ከጥገና ወጥቷል፣ ሌላው ዘመኑን ጨርሷል። ሰልፉ ውስጥ ትውልድ አለ።

ሎኮሞቲቩ እንዲድን ማን ተቆረጠ?

በመጋቢት 1963 የሪቻርድ ቢቺንግ ሪፖርት ወጣ፤ የእንግሊዝ የባቡር መረብ ትልቅ ክፍል ይዘጋ አለ። ነሐሴ 11 ቀን 1968 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ባቡር በመደበኛ መስመሮቹ ላይ የመጨረሻውን የእንፋሎት ባቡር ሸኘ። የቀሩት ሎኮሞቲቮች ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ።

በደቡብ ዌልስ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ ዉድሃም የሚባሉ ወንድማማቾች የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ነበራቸው። 297 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ገቡላቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን በወራት ውስጥ ያልቁ ነበር። እዚያ ግን ለዓመታት ቆሙ፤ ምክንያቱም ግቢው ቅድሚያ የሰጠው ሌላ ሥራ ነበረው፤ ለመቁረጥ የሚቀሉትን የጭነት ፉርጎዎች። በዚያ መሐል ወዳጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው መጡና 213 ሎኮሞቲቮች ከሞት ተረፉ። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ቱሪስት ተሳፍሮባቸው ከሚያፏጩት ብዙዎቹ የባሪ ልጆች ናቸው።

ይህን ታሪክ ሁሌም የሚያወሩት እንደ ትንሣኤ ነው። ከሌላው ጎን ስታዩት ግን ሎኮሞቲቮቹ የዳኑት ፉርጎዎቹ ስለቀደሙላቸው ነው። ያ ግራጫ፣ ዝገታም፣ ስም የለሽ ፉርጎ ዕድሜ ልኩን ጭነቱን ተሸከመ፤ በመጨረሻም የሎኮሞቲቩን ሞት ተሸከመለት። ለሎኮሞቲቩ ገንዘብ የሚያዋጣ ተገኘ፤ ለፉርጎው ግን እምብዛም። ሰው ሁሉ የሚጎትተውን ያያል፤ የሚጎተተውን የሚቆጥር የለም። ሳሎኑ ውስጥ ዝገት የሚቀባው ሰውዬ ይህን ዕዳ ነው በ66 ሚሊ ሜትር በ66 ሚሊ ሜትር እየከፈለ ያለው።

ውሸቱስ?

ውዳሴ ብቻ አናብዛ። ይህ ሥራ የራሱ ውሸቶች አሉት።

አንደኛው የገበያ ውሸት ነው። ስም የተጻፈባቸው ደማቅ ፉርጎዎች ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ሱቁ በእነሱ ይሞላል። በ1955 የተቀመጠ የሞዴል ጣቢያ ላይ ከመንጣታቸው የተነሳ ዓይን የሚያሳምሙ የነጋዴ ፉርጎዎች ተሰልፈው ታያላችሁ። ትዝታም እንደ ሸቀጥ ነው፤ የሚያምረው ቶሎ ይሸጣል።

ሁለተኛው የሐዲዱ ውሸት ነው። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ከአውሮፓውያኑ ጠበብ ያሉ ስለሆኑ የያኔው ሞተር አልገባ አላቸው፤ አካሉን አተለቁትና ሐዲዱን እንደነበረ 16.5 ሚሊ ሜትር ላይ ተዉት። ትክክለኛው 18.83 ነበር። እውነተኛው ዓለም ላይ ብትመልሱት ሐዲዱ ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ጠብቧል ማለት ነው። በዚህች ሁለት ሚሊ ሜትር ተጣልተው የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙ አሉ!

ሦስተኛው ከባዱ ነው። የሞዴሉ ከሰል ሳንባ ውስጥ አይገባም። እውነተኛው ብናኝ ስንቱን የማዕድን ሠራተኛ አንቆ እንደገደለ የታወቀ ነው። ሞዴሉ ላይ ያ ጥቁረት «ውበት» ይሆናል፤ ያሸበረቀው ብልጭልጭ ቀርቶ ያማረ ቆሻሻ ይተካል። እንግሊዝ የመጨረሻውን ጥልቅ የከሰል ጉድጓዷን በታኅሣሥ 2015፣ የመጨረሻውን በከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫዋን በመስከረም 2024 ዘግታለች። ከእንግዲህ እዚያ የሚያድግ ልጅ ከሰልን የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ፉርጎዎች ሊሆን ይችላል። እንግዲያው ዱቄቱን የሚነሰንስ ሰው የማንን ላብ እየነሰነሰ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ቆሻሻን መሥራት ቀላል ነው፤ ምክንያቱን አውቆ መሥራት ነው ታሪክ።

እኛስ?

ፉርጎ የሚለው ቃል የመጣን ከፈረንሳይኛ፣ ከራሱ ከባቡሩ ጋር ነው፤ ለገሃርም እንዲሁ። የጅቡቲው መስመር ሥራ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋን ወለደ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። በጥቅምት 2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ በ1,435 ሚሊ ሜትር ነው የተዘረጋው፤ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ቢፈልጉ እንኳ አይሄዱበትም።

ከመካከላችን አንዱ የለገሃርን የጭነት ባቡር በ1 ለ87 ልክ ልሥራ ቢል ሐዲድ አያጣም። ስዊዘርላንድ የአንድ ሜትር መስመሮች ስላሏት ለዚያ የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አውሮፓ ውስጥ ይሸጣል። ቀለሙም፣ ጨውም፣ አኳራጁም አይጠፋም። ጥያቄው ሌላ ነው። ቡና የጫነው ፉርጎ ጎን ላይ ምን ተጽፎ ነበር? የበረሃው አሸዋ የቱን ጎኑን ነው የፋቀው? የፍሬኑን ዘንግ የሚይዘው ሰው ስሙ ማን ነበር?

የንጉሡና የሎኮሞቲቩ ፎቶ አይጠፋም፤ የሚጎትተው ሁሌም ፎቶ አለው። እኛ የምንፈልገው የሚጎተተውን ነው። ድሬዳዋ ወይም ለገሃር የሠሩ አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ልጆች፣ አልበሙን አውጡና ከሰዎቹ ኋላ የቆመችውን ፉርጎ እዩዋት። ከዚያ ሽማግሌውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልን፤ የትኛዋ ሳንቃ ነበረች የተቀየረችው?